ስድስተኛ ፎቅ የታዘዘላቸው ሸማኔ

ጋሽ አንጁሎ ስድስተኛ ፎቅ የታዘዘላቸው ማክሰኞ ጠዋት ነው። እንደ መድኃኒት ማለቴ ነው። ወረቀቱ «በቀን ሁለት ጊዜ መውጣትና መውረድ፣ ሳይቋረጥ» ይላል። በራቸው ላይ ተለጥፎ መጀመሪያ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ማለት የሰው ደብዳቤ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያነብ ሰው ነው፤ አላፍርበትም።

በእኛ ብሎክ ነገሩ አዲስ አይደለም። ሊፍቱ በ2051 ዓ.ም. ከተዘጋ ወዲህ ደረጃ መድኃኒት ሆኗል። በሳምንት መቶ ሃምሳ ደቂቃ ልቡ ድው ድው እስኪል ያልተንቀሳቀሰ ሰው መጀመሪያ ይመከራል፤ በሦስት ወር ካልተሻሻለ ወደ ላይ ይዛወራል። ስኳር ያለባት ወይዘሮ ማክዳ ሦስተኛ ፎቅ ታዞላት ነበር፤ ባለፈው ዓመት አራተኛ አደረጉባት። «መጠኑን ጨመሩልኝ» ትለኛለች፣ መወጣጫው ላይ ቆማ እያለከለከች።

ቆጣሪው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ቀለበት ነው። የመንግሥት ስሙ ረጅም ስለሆነ እኛ አልቦ እንለዋለን። አረንጓዴ ሲበራ ደህና ነህ፤ ቢጫ ሲሆን ትመከራለህ፤ ቀይ ሲሆን ነርስ ትመጣለች። ብዙ ከተቀመጥክ እየተንቀጠቀጠ ይነዝርሃል።

ከአልቦ ጋር መኖር ለምደናል። ታክሲ የሚያወርደን ሰፈራችንን አንድ ፌርማታ አልፎ ነው። ለቅሶ ቤት ወንበሮቹ በየሃያ ደቂቃው ስለሚዘነብሉ፣ ሐዘንተኛ የምናጽናናው በድንኳኑ ዙሪያ እየዞርን ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በስቅለት ዕለት ምእመኑ ሲሰግድ አልቦው ሁሉንም «ወደቀ» ብሎ ስለቆጠረው፣ አሥራ አራት አምቡላንስ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰልፎ ዋለ። አምስተኛ ፎቅ ያለው አቶ ያፌት ደግሞ አልቦውን ለፋሲካ የገዛው በግ እግር ላይ አሰረው። ሁለት ወር ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ተንደላቀቀ። የበዓሉ ዕለት ግን መፍታቱን ረስቶ በጉን አረደው፤ በማግስቱ ለሚስቱ የሐዘን መግለጫ ደረሳት።

ጋሽ አንጁሎ በግም አላሰሩ፣ ሰውም አልላኩ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ሸማኔ ናቸው። ምድር ቤት፣ ከእኔ ግድግዳ ቀጥሎ፣ ወለሉን ቆፍረው ጉድጓድ አውጥተዋል። ጫፉ ላይ ይቀመጡና እግራቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። ከታች መርገጫውን በግራና በቀኝ እግር እያፈራረቁ ይረግጣሉ፤ ከላይ መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይበራል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ግድግዳዬ ጧ፣ ጧ፣ ጧ ይላል። ሰዓት ገዝቼ አላውቅም።

አልቦው ግን ይህን አያውቅም። እግር ተነስቶ ሌላ ቦታ ካልረገጠ እርምጃ አይባልም። የሦስት ወር መዝገባቸው ከላይ እስከ ታች «ተቀምጧል፣ ተቀምጧል፣ ተቀምጧል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በሁለቱም እግሮች መንቀጥቀጥ፣ በቀን ዘጠኝ ሰዓት»።

እንግዲህ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም። ቢቆፈር አቶ ያፌት ምሳ ላይ የሰው እግር ይወርድበታል። ወረቀቱን ሳነብላቸው እንዲህ ብዬ ላስቃቸው ሞከርኩ። አልሳቁም። መወርወሪያውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና፣ «ሄራን፣ እኔ ከጉድጓድ ወጥቼ ምን እሆናለሁ?» አሉኝ። ድር ላይ ያለው ደግሞ የልጄ የሠርግ ቀሚስ ነበር፤ ጥለቱ ገና አልተጀመረም።

ወረቀቱ አሥራ አምስት ቀን ሰጥቷል። ነርሷ መጥታ ግምገማውን ካልቀየረች በስተቀር።

ሲስተር ኑሃሚን ሐሙስ መጣች። መርምራ ራሷ የምታዝዝ ነርስ ናት፤ ሐኪም የሚባለውን እኛ በዓመት አንዴ በስክሪን ነው የምናየው። ለአንድ ቤት አሥራ አንድ ደቂቃ ተሰጥቷታል። በር ላይ ቆማ ጫማዋን በአንዱ እጅ እየፈታች በሌላው መዝገብ የምትሞላበትን ሰሌዳ ታበራለች ብል ማጋነን አይደለም።

«ጋሼ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን ልብዎ ድው ድው እስኪል ተራመዱ?»

«የት ልሂድ ብዬ?»

«የትም ይሁን።»

«የትም ለመሄድ ጊዜ የለኝም ልጄ፤ ሥራ ላይ ነኝ።»

ዜሮ ብላ ሞላች። «በእነዚያ ቀናት በቀን ስንት ደቂቃ?»

«በየትኞቹ ቀናት?»

«በ… በዜሮዎቹ።» ራሷም አፈረች። «ካልጠየቅኩ ገጹ አይገለበጥልኝም ጋሼ።»

«ጠይቂ፣ ጠይቂ። ሥራሽ ነው።»

«እንዳይንቀሳቀሱ ዕንቅፋት የሆነብዎት ምንድን ነው? ሕመም፣ የጊዜ እጥረት፣ ፍርሃት ወይስ ፍላጎት ማጣት?»

«አንቺ ስትመጪ መርገጤን አቆማለሁ። እንግዲህ ዕንቅፋቴ አንቺ ነሽ።»

«ይኼ ምርጫው ውስጥ የለም።»

«ጨምሪዋ!»

አልጨመረችም፤ ፊቷን ግን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ከዚያ ወንበር ጠየቀች። ሸማኔ ቤት ወንበር የት ይገኛል? ከቤቴ አመጣሁ። በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ስንቴ ተነስቶ መቀመጥ እንደሚችሉ ልትቆጥር ነው፤ በእሳቸው ዕድሜ አሥራ ሁለት ከሆነ ጥሩ ነው አለች። ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሃያ ሁለት ጊዜ ተነሱ። ወንበሬ ሲጮህ ሰማሁት።

«ሃያ ሁለት!» አለች ሲስተር፤ ለአፍታ ደቂቃዋን የረሳች መሰለኝ። ቁጥሩን አስገባች። ሰሌዳው አሰበና፣ «ውጤቱ ከቆጣሪው ንባብ ጋር ስለማይስማማ አልተመዘገበም» አለ።

አሁን እኔ አልቻልኩም። «ሲስተር፣ ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ይረግጣሉ እኮ! ካላመንሽ ግድግዳዬን ጠይቂው!»

«እትዬ ሄራን፣ አያለሁ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ያየሁት ነገር የሚገባበት ቦታ ነው ያጣሁት።»

የቀራት አንድ ደቂቃ ነበር፤ ያቺ ደግሞ የማበረታቻ ናት፤ ድምፅ ይቀረጻል። ሰሌዳውን ወደ አፏ አስጠግታ፣ «በርቱ ጋሼ! ትንሽ እርምጃም ብትሆን ለጤናዎ ትልቅ ስጦታ ናት!» ብላ አነበበች።

«ይኼን ማን ጻፈው?» አሉ ጋሽ አንጁሎ።

«እኔ አይደለሁም» አለች፤ ጫማዋን ሳታስር ወጣች።

እሷ ከሄደች በኋላ እጄን ዘረጋሁ። «አልቦውን ይስጡኝ። እኔ ገበያ ስወጣ፣ ስወርድ፣ አንድ ሳምንት አስሬው ልዙር። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አሉ። «እግሬ ሥራ ላይ ነው፤ ለምን ብዬ በአንቺ እግር እዋሻለሁ? ደግሞ አንቺም ቶሎ ይደክምሻል።»

ይኼ ሁለተኛው ባይባልም ይሻል ነበር።

ሰኞ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ጣቢያው ውስጥ ወንበር የሚባል የለም፤ ወረፋው ክብ ነው፣ አዳራሹን እየዞርክ ትጠብቃለህ። የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የክብ ሰልፍ መጨረሻው የት እንደሆነ አላስተማሩኝም። ከፊቴ ያሉትን አዛውንት «የመጨረሻው ማን ነው?» ብላቸው፣ «ጠዋት ስገባ እኔ ነበርኩ፤ አሁን የማን ፊት እንዳለሁ አላውቅም» አሉኝ። አብረን ዞርን። ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ተዘጋ፤ ሰልፉ ግን አልቆመም፤ የቆመ ሰው ተራው ይሰረዛል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ደረስኩ። ያለው ልጅ ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ነው ያናደደኝ።

«ሽመና ከእንቅስቃሴ ይቆጠር ነው የምትዪው እትዬ?»

«ሽመና ሳይሆን እግራቸው ይቆጠር።»

«ዝርዝሩ ላይ ሠላሳ አንድ እንቅስቃሴ አለ። ዋና አለ፤ ቴኒስ አለ፤ በበረዶ ላይ መንሸራተት አለ።»

«በረዶ? የት ያለ በረዶ?»

«ዝርዝሩ እንደዚያ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚጨምርበት?»

«እሱ በሌላ መስኮት ነው።» ጣቱን ወደ አዳራሹ ማዶ ቀሰረ። እዚያም ሰው ይዞራል። የዚያኛው ክብ ከእኛ ይሰፋል።

ቤቴ ስደርስ አልቦዬ ዘፈን አሰማኝ፤ አሥራ አንድ ሺህ እርምጃ ሄጃለሁና እንኳን ደስ አለሽ ነው። ዘፈኑን ላጠፋው ታገልኩ፤ አይጠፋም። ከግድግዳው ወዲያ ጧ፣ ጧ ይላል። ጋሽ አንጁሎ ፈጥነው ነበር የሚረግጡት፤ ከቀኑ ጋር የሚሽቀዳደሙ ይመስል።

ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ሲስተር ኑሃሚን ናት፤ ሰሌዳዋን ይዛለች፤ ዩኒፎርሟን ግን አልለበሰችም። ጠጉሯን በሻሽ አስራለች።

«ዛሬ ተራዬ አይደለም። ደቂቃ የሚቆጥርብኝ የለም» አለች። «ሃያ ሁለቷ እንቅልፍ ነሳችኝ።»

ወደ ጋሽ አንጁሎ ይዣት ገባሁ። ቆማ አየቻቸው፤ ሲረግጡ፣ ሲወረውሩ። ከቆየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ባትዎን ልንካ?» አለች። ጉድጓዱ ጫፍ ላይ ተንበርክካ እጇን ወደ ታች ሰደደች። ፊቷ ተለወጠ።

«ይኼ የሰባ ዓመት ሰው እግር አይደለም» አለችኝ። «መለኪያ ሜትር አለሽ እትዬ?»

ጋሽ አንጁሎ ከት ብለው ሳቁ። «ሸማኔ ቤት መጥታ መለኪያ ትጠይቃለች!» ከማጉ ክር በጠሱና በባታቸው ዙሪያ አዞሩት፤ ጫፍና ጫፉ የተገናኘበት ላይ ልክ ቆርጠው ሰጧት። «ይኸው። ስትመጪ እየለካሽ እይ። ክር አይዋሽም።» እሷ ግን መልሳ ሰጠቻቸው፤ እርስዎ ጋ ይቀመጥ አለች።

«ይልቅ ግቢና ሞክሪው» አልኳት። «ከላይ ቆሞ ማየት ቀላል ነው።»

ገባች። የሸማኔ ጉድጓድ ለነርስ አይመችም፤ ጉልበቷ አገጯ ጋ ደረሰ። ጋሽ አንጁሎ ድሩን እንዳታበላሽ አላቀቁላትና ባዶውን መርገጫ አስረገጧት። «ግራ! ቀኝ! ግራ! ኧረ ቀኝሽ የት ሄደ? አንድ እግር አበድሪያት እንጂ ሄራን!» አራት ደቂቃ ረገጠች። ግንባሯ ላይ ላብ ወረደ፤ አፏ ተከፈተ። የራሷን አልቦ አየን። የልብ ምት መቶ ሠላሳ አንድ። እርምጃ ዜሮ። ከሥሩ «በሁለቱም እግሮች መንቀጥቀጥ፤ ሐኪም ያማክሩ»።

ጉድጓዱ ውስጥ እንደተቀመጠች መሳቅ ጀመረች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «በሁለት ዓመት ውስጥ ስንት ሸማኔ ነው ወደ ላይ ያዘዝኩት?» አለች።

ከዚያ ሰሌዳዋን አወጣች። ሠላሳ አንዱን እንቅስቃሴ እየጮኸች አነበበችልን። ሽመና የለም። ወደ መጨረሻው «ደረጃ መውጣት» ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ግራ፣ ቀኝ፣ እየተፈራረቀ፣ ወደ ታች እየገፋ…» አለች ለራሷ። «ሰውነት ላይ የሚሠራው ያው ነው። ውሸት አይባልም፤ አይደል እትዬ?»

«ያንስ እንደሆነ እንጂ» አልኳት።

«ደረጃ መውጣት፣ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ከሦስት መቶ ደቂቃ በላይ፣ በነርስ ዓይን የተረጋገጠ» ብላ ሞላች፤ ጣቷን ለፊርማ አሳረፈች። ዝርዝሩ ላይ ላለ እንቅስቃሴ የነርስ ፊርማ ከቆጣሪው ይበልጣል አለችን። ሰሌዳው አሰበ፣ አሰበ። የጋሽ አንጁሎ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀዩ ጠፋና አረንጓዴው በራ።

እልል አልኩ። እውነቴን ነው፤ ወይዘሮ ማክዳ ከአራተኛ ፎቅ «ማን ወለደ?» ብላ ጮኸች። ጋሽ አንጁሎ ድሩን መልሰው አያያዙና፣ «በይ ውጪልኝ ሲስተር፤ የሄራን ልጅ እየጠበቀች ነው» አሉ። በዚያው ቀን ጥለቱን ጀመሩ፤ አረንጓዴና ወርቅማ። አረንጓዴው ለአልቦው መታሰቢያ ነው ብለው ቀለዱ።

ጥለቱ አንድ ክንድ የደረሰው ረቡዕ ነው። ረቡዕ ደግሞ ሁለተኛው ወረቀት መጣ።

በሩ ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «የተከበሩ ነዋሪ፣ በሳምንት ከሦስት መቶ ደቂቃ በላይ ደረጃ በመውጣት ላሳዩት አርአያነት እንኳን ደስ አለዎት። ምድር ቤት ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ወገኖች የተያዘ በመሆኑ፣ ለችሎታዎ የሚመጥን ቤት ተመድቦልዎታል። ስድስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር 23። በሦስት ቀን ውስጥ።»

ሲስተር ጋ ደወልኩ። ከኋላዋ የሌላ ቤት ሰው ሲቆጥር ይሰማኛል፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አነበብኩላት።

«ሰርዢዋ!» አልኳት። «ደረጃ ያልሽውን ሰርዢው!»

«ከሰረዝኩት ቀዩ ይመለሳል፣ እትዬ።»

«ቀዩስ የት ነበር የሚወስዳቸው?»

«ስድስተኛ ፎቅ» አለች።

«ቁጥር ስንት?»

«ሃያ ሦስት።»

የምጮህበት ሰው አጣሁ። እሷ ላይ እንዳልጮህ ታለቅሳለች። ወረቀቱ ላይ ጮኽኩ፤ ወረቀት ምን ይሰማል።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሠራተኞች መጡና ጉድጓዱን በሲሚንቶ ሞሉት፤ ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ቤቱ የተሰጠው ጉልበቱ ላለቀ ጡረተኛ ሯጭ ነው። ጥሩ ሰው ነው፤ በተገናኘን ቁጥር ይቅርታ ይለኛል፤ ምን ይቅር እንደምለው አላውቅም። ጋሽ አንጁሎ የሽመና ዕቃቸውን በትከሻቸው ተሸክመው ወጡ። እንርዳዎት ስንላቸው፣ «ደረጃ እንደምወጣ ተመስክሮልኛል» አሉ። ልጄ የተዳረችው ጥለቱ እስከ ወገቧ ብቻ በደረሰ ቀሚስ ነው። ነጠላ ደርባበት ማንም አላየም፤ እኔ ግን አየሁ።

ግድግዳዬ ዝም አለ። ሰዓት ገዛሁ።

በሦስተኛው ወር ሲስተር ኑሃሚን ለክትትል መጣች። ጋሽ አንጁሎን ያገኘችው ሦስተኛውና አራተኛው ፎቅ መሃል መወጣጫው ላይ ነው፤ እኔ ሽሮ ይዤላቸው ስወጣ እሳቸው ሲወርዱ ተገጣጥመን ቆመን ነበር። ደረጃ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ማስታወቂያው በየፎቁ ተለጥፏል።

ዓይኗን ከሰሌዳው አላነሳችም። «ጋሼ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት ስንት ቀን…»

«ሰባቱንም።»

«በቀን ስንት ደቂቃ?»

«እንጃ። ወርጄ ጉድጓዴ የነበረበትን ቤት በር አያለሁ፤ ተመልሼ እወጣለሁ። ከዚያ ደግሞ ትዝ ይለኛል፤ እወርዳለሁ።»

ሰሌዳው ይህን ወደደው። «ታካሚው በጥሩ መሻሻል ላይ ነው» አለ በዚያች ጥርት ባለች ድምፁ። «እባክዎ ያበረታቱ።»

ጋሽ አንጁሎ ከኪሳቸው ክሯን አወጡ። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው በባታቸው ዙሪያ አዞሯት። ያን ቀን ጫፍና ጫፏ ልክ ተገናኝታ ነበር። አሁን አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ ሁለት ጣት ያህል አለፈ፤ ባታቸው ከስቷል።

ሲስተር ተጎንብሳ አየች። በጣቷ ለካችው፤ መልሳ ለካችው።

«ይኼ የት ይገባል?» አልኳት። አውቄ ነው የጠየቅኳት፤ ንዴቴን የማሳርፍበት ስላጣሁ።

ሰሌዳው «እባክዎ ያበረታቱ» አለ እንደገና። ማበረታቻዋ ካልተቀረጸች ጉብኝቱ አይዘጋም፤ ጉብኝቱ ካልተዘጋ ወደሚቀጥለው ቤት አትሄድም። ሰሌዳውን ወደ አፏ አስጠጋች። «በርቱ…» አለችና ቆመች። ጋሽ አንጁሎ ይጠብቃሉ፤ ሱሪያቸው እንደተሰበሰበ፣ ክሯ እንደተጠመጠመች።

ሰሌዳውን ገልብጣ መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እዚያው ደረጃው ላይ፣ ከማስታወቂያው ሥር፣ ተቀመጠች። ጋሽ አንጁሎን አየኋቸው፣ አዩኝ። አጠገቧ ተቀመጡ። እኔም የሽሮውን ድስት ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ፤ ደረጃው ለሦስት ሰው ይጠባል፤ ከመሃላችን ልነሳ የሚል ግን አልተገኘም።

አሥራ አንዱ ደቂቃ አለፈ። ሃያም አለፈ። የሦስታችንም አልቦ በአንድ ጊዜ ይነዝር ጀመር፤ ተነሱ ነው። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ አጥንት እስኪሰማው።

ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብለው ቁርጭምጭሚታቸውን ተመለከቱ።

«ሲስተር» አሉ፣ «አሁን የሚንቀጠቀጠው ማን ነው?»